አንድ ጥይት ለአንድ ዘበኛ

ጥቅምት 6

ለምሳሳልሽ የወንድሜ ልጅ፣

ይህች ወረቀት በጤናና በሰላም ትድረስሽ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት የሁለት ሆቴል ሥራ ተጨምሮበት ከጠዋት እስከ ማታ አንሶላ ሳጥፍ እውላለሁ። ካጠፍነው አንሶላ በአንዱ እንኳ ተኝተን አናውቅም እያልን ከባልደረቦቼ ጋር እንስቃለን።

የአባትሽ ደብዳቤ ሰኞ ደረሰኝ። ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ከሥራ ገብቶ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ አንቺ አንስተሽ ስትነካኪው ባረቀብሽ፤ ጥይቱም የኮምፔርሳቶውን ግድግዳ በስቶ ማዶ ልብስ ስትሰፋ የነበረችውን እናትሽን ወገቧ ላይ መታት ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የወንድሜን የእጅ ጽሑፍ ባላውቀው ሌላ ሰው ቤት የደረሰ ነገር ነው ብዬ አስቀምጠው ነበር።

ነገረኛዬ፣ እኔ የምቆጣበት አፍ የለኝም። አንቺ እኮ በልጅነትሽ ቢላ ለሰው ስታቀብዪ እንኳ እጀታውን አስቀድመሽ ነበር። ፊዚክስ ተምረሽ በማዕረግ የተመረቅሽ ልጅ፣ እንዴት እጅሽ ወደዚያ ሄደ? ይሁን። የሆነው ሆኗል። ፈጣሪ እናትሽን ያትርፍልን፤ አንቺንም ጸጸት አይብላሽ።

ለፖሊስ ቃልሽን ሰጥተሽ በዋስ እንደወጣሽ አባትሽ ጽፎልኛል። ጥሩ ነው። ቃልሽን አታዘበራርቂ። አንድ ቃል ያለው ሰው ዳኛም ያዝንለታል።

የእናትሽን ሁኔታ ቶሎ አሳውቂኝ። ደግሞ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ሽጉጡ ውስጥ ስንት ጥይት ነበር?

ሁልጊዜም የሚያስብልሽ
አጎትሽ


ጥቅምት 24

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል ጋሼ? ለወገብዎ ምሕረቱን ይላክልዎ። እማዬ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ስድስት ቀኗ ነው። አንጀቷ ተቆርጦ ተሰፍቷል፤ እግሮቿን ታንቀሳቅሳለች፤ ትኩሳቱ ግን እንቢ ብሏል። ሐኪሞቹ «እናያለን» ይላሉ፤ ምኑን እንደሚያዩ አይናገሩም።

ስንት ጥይት ነበር ላሉኝ፣ ሰባት ነበር። እርስዎ የዘበኞች ኃላፊ በነበሩ ጊዜ መጋዘኑ ለአንድ ዘበኛ አንድ ጥይት ብቻ ይሰጥ እንደነበር ስሰማው ያደግሁት የቤታችን ቀልድ ነው። «ሌባ ሁለት ሆኖ ከመጣ አንዱን ነገ ተመለስ እንለዋለን» ትሉ ነበር። አባዬም ሥራውን ከእርስዎ ከተረከበ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት የያዘው ያችኑ አንዷን ነው። ባለፈው ወር ከጎናቸው ያለው የዘይት መጋዘን ሲዘረፍ ሥራ አስኪያጁ ደነገጠና ለእያንዳንዱ ዘበኛ ሰባት ሰባት ይሰጥ ብሎ አዘዘ። አባዬ ኃላፊ ስለሆነ መጀመሪያ የተረከበው እሱ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በተረከበበት ቀን ነው።

አሁን ልብ ብለው ያንብቡኝ። ሽጉጡን እኔ አልነካሁትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ፀሐይ ገና አልገባችም። እኔ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የመምህርነት ምደባ ፎርሜን እሞላለሁ። እማዬ ከኮምፔርሳቶው ማዶ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የመኪናዋ ድምፅ ይሰማኛል። እኔና እሷ ከሁለት ቀን በፊት ተኳርፈናል፤ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ሩቅ ነውና አትሄጂም ብላኝ፣ እሄዳለሁ ብያት። አባዬ ገባ። እንደ ወትሮው ቆሞ ሽጉጡን ወደ ኋላ ሳበ፤ ከላይ የዘለለችውን ጥይት በግራ እጁ ቀለባትና አሳየኝ። «ይኸው ወጣች» አለ፤ በየቀኑ የሚላት ናት። ቀጥሎ ጥይት የሚደረደርበትን ካርታ ከእጀታው መዝዞ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙሮ «እስቲ ልጠይቀው» አለና ቃታውን ሳበ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ጠቅ» ብሎ ነው የሚመልስለት። እማዬ አባዬ መግባቱን የምታውቀው በዚያች ድምፅ ነበር፤ ስትሰማት መኪናዋን አቁማ ራት ለማቅረብ ትነሳለች። የዚያን ቀን ሽጉጡ ሌላ መልስ ሰጠ።

ስንሮጥ ስንደርስ እማዬ መኪናው ላይ ተደፍታለች። ግማሽ የተሰፋ እጅጌ ከመርፌው ሥር ነበር። አልጮኸችም። «ምን ወደቀ?» ብላ ጠየቀችን።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አባዬ ክንዴን ይዞ ለመነኝ። እሱ ከታሰረ ሥራውም የመሣሪያ ፈቃዱም እንደሚሄድ፣ መሥሪያ ቤቱ የእማዬን ሕክምና መሸፈኑን እንደሚያቆም፣ እኔ ግን ወጣት ስለሆንኩ፣ ሴትም ስለሆንኩ፣ በቸልተኝነት ነው ብለው እንደሚለቁኝ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ «ለእናትሽ ብለሽ» አለኝ። ለእናቴ ብዬ ዋሸሁ። ሦስት ቀን ጣቢያ አደርኩ፤ ምደባዬም ታገደ። ይህን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነገር መጥቷል፤ እሱን ዛሬ ለመጻፍ አቅም የለኝም።

አባዬ «ሰይጣን ነው» ይላል። «አውጥቻታለሁ፤ በእጄ ቀልቤያታለሁ» ይላል። ሰይጣንስ ቢሆን ጥይቱን ከየት አመጣው? ጋሼ፣ «ሳብ፣ ቅለብ፣ አውጣ፣ ጠይቅ» ብሎ አባዬን ያስተማረው ማን ነው?

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 12

ለውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ሥራ በዝቶብኝ፣ ወገቤም ጠንቶብኝ ነው የዘገየሁት።

የጻፍሽውን አመንኩሽ። በዚህ አትጠራጠሪ። ግን እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው። አሁን ቃልሽን ብትለውጪ አባትሽ በሐሰት ምስክርነት ጭምር ወህኒ ይገባል። ከዚያ እናትሽን ማን ያስታምማታል? አንቺን ቢፈርዱብሽ እንኳ በገደብ ይለቁሻል፤ እሱ ግን የጦር መሣሪያ ኃላፊነት ስላለበት አይምሩትም። እናትሽ ድና ትነሳ፤ ያኔ ቤተሰብ ተሰብስቦ እውነቱ በቤት ውስጥ ይነገራል። አንቺ ጠንካራ ነሽ። ጠንካራ ሰው ነው ሸክም የሚሰጠው።

ማን አስተማረው ላልሽኝ፣ በዚያን ጊዜ ዘበኛ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ከማን እንደመጣ ማን ያስታውሰዋል?

ለእናትሽ የሱፍ ሻርፕ ልኬያለሁ፤ ሰማያዊ ነው፤ ሰው ይዞላት ይመጣል። ብትጠቀምበት ደስ ይለኛል። ሲደርሳት ምን እንዳለች ጻፊልኝ። ሐኪሞቹ የሚያዝዙት መድኃኒት እዚያ ከጠፋ ስሙን ላኪልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 25

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሻርፑ ደርሷል። እማዬ አንገቷ ላይ አድርጋዋለች፤ «እሱ አይረሳኝም» ብላለች። እሷንና አባዬን ያጋቡት እርስዎ ነዎት፤ የእርስዎን ቃል ከማንም ቃል በላይ ታምናለች። ይህን የምጽፈው ላሞግስዎት አይደለም።

ባለፈው መጻፍ ያቃተኝን አሁን እጽፋለሁ። ትኩሳቷ ለአንድ ቀን በረድ ሲልላት ሰውን ሁሉ አስወጥታ እኔን ብቻዬን አስቀረችኝ። የምትመርቀኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። «ሆን ብለሽ ነው?» አለችኝ።

አልገባኝም ነበር። ደገመችው። «አትሄጂም ስላልኩሽ ነው? እናትሽ እኮ ነኝ።»

ጋሼ፣ ሰው ሲጣል እንዲህ ሊታሰብ እንደሚችል ለአንድ ደቂቃ እንኳ በአእምሮዬ አልመጣም። ለሁለት ቀን ኩርፊያ እናቴን በጥይት የምመታ ልጅ መሰልኳት። ወዲያው እውነቱን ነገርኳት፤ አንድም ሳላስቀር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አባዬን አስጠራችው። አልጋው ግርጌ መጥቶ ቆመ። «ይህች ልጅ ባንተ ላይ ታላክካለች» አለችው። አባዬ ጫማውን አየ። አዎም አላለም፣ አይደለምም አላለም። እማዬ ወደ እኔ ዞራ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግድግዳው ማዶ ሆና ሲጠይቀው እንደሰማችው፣ ሳያወጣ ጠይቆ እንደማያውቅ፣ እጁ እንደማይሳሳት ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ ሰምታዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ገላዋን የሚያጥቧት ነርሶቹ ናቸው። እኔ እንዳልነካት ብላለች።

ስለዚህ ነገሩን እስከ ሥሩ ላውቀው ወሰንኩ። መጋዘኑ ሄድኩ። አራቱ ዘበኞች ዛሬም አንድ አንድ ጥይት ነው የያዙት፤ የእኔ ጉዳይ ፍርድ ቤት እስኪያልቅ የሰባቱ እደላ ቆሟል። የአባዬ ልጅ ስለሆንኩ ወንበር አወጡልኝ። ሽጉጣችሁን እንዴት ነው ባዶ የምታደርጉት አልኳቸው። «ጄኔራል» የሚሉት ቀልደኛው ዘበኛ በባዶ እጁ አሳየኝ፤ ሳበ፣ ቀለበ፣ አወጣ፣ ጠየቀ። ሌሎቹም ያው ናቸው። ከኃላፊው መሳቢያ የሽጉጡን መመሪያ አስወጣሁ፤ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ የመጀመሪያው ትእዛዝ፣ ከምንም ነገር በፊት ካርታውን አውጣ ይላል። ከዚያ ነው የሚሳበው። ከዚያ በዓይን ማየት፣ በጣት መዳሰስ። «ጠይቀው» የሚል በየትኛውም ገጽ የለም።

አንብቤላቸው አልገባቸውም፤ ለካ እኔም በደንብ አልገባኝም ነበር፤ ሳስረዳቸው ነው የገባኝ። ሽጉጡ ሲሳብ የጎረሰውን ይተፋል፤ ሲመለስ ከካርታው ሌላ ይጎርሳል። አንድ ጥይት ብቻ ከሆነ ያለው የሚጎርሰው ስለማይኖር በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሄዱ ባዶ ነው። ሰባት ከሆኑ ግን አንዷን ቀልበህ «ይኸው ወጣች» ስትል ሁለተኛዋ ገብታ ተቀምጣለች። ካርታውን ብታወጣ እሷ አትወጣም።

ረጅሙ ዘበኛ ወንድ ልጅ መሣሪያ ከሴት አይማርም ብሎ ሊቀልድ ጀምሮ ነበር፤ ጄኔራል ዝም አሰኘው። በጣቶቹ እየቆጠረ ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚያ «እኔ እቤት የምጠይቀው ወደ አልጋው ነው» አለ፤ «ግድግዳው የጎረቤት ነው ብዬ፣ ሰው እንዳይጎዳ።» አልጋው ላይ ማን እንደሚተኛ ጠየቅኩት። ማንም አልሳቀም።

እኛ ቤት ግድግዳ የሚባለው ስድስት ሚሊሜትር ጣውላ ነው። ግድግዳ ስለምንለው ጥይት የሚያቆም መስሎን ኖርን።

ማን እንዳስተማራቸውም ጠየቅኳቸው። እርስዎ «ማን ያስታውሰዋል?» ብለው ጽፈውልኝ ነበር፤ አራቱም ያስታውሳሉ። እርስዎ ነዎት።

ልከስዎ አይደለም የምጽፈው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ለእማዬ ይጻፉላት። ያ ቅደም ተከተል ከእርስዎ እንደመጣ፣ በአንድ ጥይት የሚያዋጣው በሰባት እንደሚገድል፣ የአባዬ እጅ ሳይሳሳት ሊሳሳት እንደሚችል በራስዎ እጅ ጽሑፍ ይጻፉላት። በስልክ አይሁን፤ የነርሶቹ ስልክ አልጋዋ ድረስ አይመጣም፤ እኔ መልእክት ባደርስ ደግሞ አታምነኝም። ጽሑፍዎን ታውቀዋለች። ገጽ አይሞላም። ዳኛው ቢፈርድብኝ ይፍረድ፤ እናቴ ግን እንዲህ አድርጋ አስባኝ እንዳትሞት።

ሐኪሙ ዛሬ «እናያለን» አላለም። ስለዚህ ፈጠን ይበሉ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 14

ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዬ ደርሶዎት እንደሆነ አላውቅም። የአባዬ ደብዳቤ እንደደረሰዎት ግን አውቃለሁ፤ አባዬ «አጎትሽ ጫማ ቁጥሬን ጠይቆኛል» ብሎ ነግሮኛል። ለጫማ ቁጥር የሚሆን ቀለም ካለዎት ለእማዬም ይኖርዎታል።

ሆዷ ለሦስተኛ ጊዜ ተከፍቷል። መግል ነው። ክብደቷ ከእኔ አንሷል። በየጠዋቱ እሄዳለሁ፤ በሩ ጋ ያለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። በሩ ሲከፈት ታየኛለች፤ ከዚያ ይዘጋል።

እየጠበቅኩ ነው።


ታኅሣሥ 27

ለልጄ፣

በምን አፌ ሰላም ልበልሽ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በጊዜያቸው ደርሰውኛል። አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ስለ ጫማ መጻፍ ቀላል ነው፤ ቁጥር ነው።

ስንት ጥይት ነበር ብዬ የጠየቅኩሽ እንዲያው ለማወቅ አልነበረም። አንድ ብትዪኝ ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ሥራውን ለአባትሽ ከማስረከቤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንድ ፖሊስ ወዳጄ ሽጉጡን አጽዳልኝ ብሎ መጋዘን አመጣልኝ። የሱ ሙሉ ነበር። እንደ ልማዴ ሳብኩ፣ ቀለብኩ፣ አወጣሁ፣ ጠየቅኩ። የስኳር ጆንያ ውስጥ ገባች። እኔም ፖሊሱም ደነገጥን፤ ከዚያ ሳቅን። ጆንያውን ቀዳዳው ወደ ውስጥ እንዲሆን አዙረን ደረደርነው። ሌሎቹ ሲጠይቁን የመኪና ጎማ ፈነዳ አልናቸው። ያን ቀን ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ገብቶኛል። አንቺ በመጽሐፍ ያገኘሽውን እኔ በስኳር አግኝቼዋለሁ።

ለወንድሜ ሳስረክብ ግን ያንኑ የድሮውን አስተማርኩት። ኃላፊ ነበርኩ፤ «እስከ ዛሬ ያስተማርኳችሁ ልክ አልነበረም» ማለት ሞት መሰለኝ። ደግሞም ያለው አንዲት ጥይት ናት፣ ምን ይመጣል ብዬ። ሰባት ይሰጣሉ ብሎ ማን ያስባል? ይህ ምክንያት እንዳይመስልሽ፤ ምክንያት የለኝም።

ለእናትሽ ለብቻው ጽፌ አሽጌዋለሁ፤ በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ሁሉንም ነግሬያታለሁ። አንቺ አትክፈቺው፤ በእጇ ስጫት፣ ካቃታትም ነርሶቹ ያንብቡላት።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ለአንቺ የጻፍኩትን ፍርድ ቤት አታሳዪው። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደስበት ወር ነው፤ ስሜ ከሰው ነፍስ ጋር ባይነሳ ይሻለኛል። እናትሽ ካወቀች ይበቃል አላልሽም?

አጎትሽ


ጥር 24

ለአጎቴ፣

«እርስዎ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ እንቢ አለኝ። ይቅርታ አልጠይቅህም።

እማዬ ጥር 4 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሞታለች። ደብዳቤህ የደረሰው ጥር 13 ነው። ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ጥቁር ለብሼ ስታየኝ ያላስፈረመችኝ የመጀመሪያ ቀኗ ነው።

የመጨረሻውን ልንገርህ፤ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግረዋለሁ። ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት ነርሷ ከአግዳሚው አስነስታ አስገባችኝ። እማዬ እጇን ዘረጋችልኝ። ከጥቅምት ወዲህ ነክታኝ አታውቅም። ጣቶቿ ላይ የስፌት መርፌ የወጋበት ጥቋቁር ነጥብ ያኔም ነበር። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ። «ሆን ብለሽም ቢሆን።»

አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ እንዲያ ይላል። ይቅርታዋን ተቀብዬ፣ ጉንጯን ስሜ፣ በሰላም ላሰናብታት እችል ነበር። እኔ ግን ነገረኛህ ነኝ። «ይቅርታሽን አልፈልግም፤ እንድታምኚኝ ነው የምፈልገው» አልኳት። እጇን ሰበሰበች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አላዞረችውም።

ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ልክ ነኝ። ምንም አይጠቅመኝም።

እማዬ ስትሞት ክሱ ተለወጠ፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል ተባለ። ባለፈው ሐሙስ ቀረብን። አባዬ ለምስክርነት ቆሞ ያንኑ ቃሉን ደገመ። እኔ ተነስቼ ቃሌ ሐሰት እንደነበረ ተናገርኩ፤ አንተ አታሳዪው ያልከኝን ደብዳቤም ለዳኛው ሰጠሁት። የመኖሪያ ፈቃድህን አስቤው ነበር። እናቴንም አሰብኳት። ዐቃቤ ሕጉ፣ ልጅቷ ከቅጣት ለማምለጥ በአባቷ ላይ ታሳብባለች አለ፤ ደብዳቤውም የቤተሰብ ወረቀት ነው አለ። ስለዚህ ዳኛውን አንድ ነገር ለመንኳቸው። አባቴ ሽጉጡን ባዶ ሲያደርግ ይዩልኝ አልኳቸው።

የፖሊስ የመሣሪያ ባለሙያ በኤግዚቢትነት የተያዘውን ሽጉጥ አመጣ፤ ባሩድ የሌላቸው ሰባት ጥይቶች ሞላበትና አቀባብሎ ሰጠው። «እቤትህ እንደምታደርገው አድርግ» አለው። አባዬ ሽጉጡን ሲይዝ ትከሻው ቀና አለ፤ ከእማዬ ሞት ወዲህ እንዲያ ቆሞ አላየሁትም። ሳበ። ጥይቷ ዘለለች፤ ሳያያት ቀለባት። ዳኛውን አሳያቸውና «ይኸው ወጣች» አለ። ካርታውን አወጣ። አፈሙዙን ወደ ግራ ግድግዳ አዞረ፤ ከግድግዳው ማዶ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሲያወሩ ይሰማል። ጠየቀው። ጠቅ አለ።

አባዬ ፈገግ አለ። አልዋሽህም፣ ፈገግ አለ። ባለሙያው ሽጉጡን ተቀብሎ ወደ ኋላ ሳበው። ሌላ ጥይት ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለች፤ ቂጧ ላይ የሽጉጡ መርፌ የመታበት ምልክት አለ።

አባዬ ግራ እጁን ከፈተ። የቀለባት አንዷ እዚያ አለች። ጠረጴዛ ላይ ያለችውን አየ። መልሶ እጁን አየ። «ሁለት ነበሩ እንዴ?» አለ። ወደ እኔ ዞረ፤ «እኔ እኮ ቀልቤያታለሁ።»

ሦስት ወር ሙሉ ሰይጣን ነው የሚለው እየዋሸ መስሎኝ ጠላሁት። አያውቅም ነበር። እኔን እንደከሰሰኝ ያውቃል፤ ሚስቱን እንዴት እንደገደላት ግን አያውቅም ነበር። ማን ይንገረው? የሚያውቀው አንድ ሰው አንሶላ እያጠፈ ነው።

እዚያው ተያዘ። እኔን በነጻ አሰናበቱኝ። መውጫው በር ላይ አክስቴ «አባትሽን አሳስረሽ በነጻ ወጣሽ» አለችኝ። ዘመድ የሚባል ደጃችንን ረግጦ አያውቅም ከዚያ ወዲህ። ምደባዬ ተመልሷል፤ ያ ሩቅ ትምህርት ቤት በየካቲት ይጠብቀኛል። አትሄጂም የሚለኝ ሰው የለም።

ለዘበኞቹ ሰባት ሰባቱ ሰኞ ታደለ። ሲረከቡ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ምን ፈልገሽ ነው ቢለኝ ከዚህ አልነቃነቅም አልኩት። መመሪያውን በትልቅ ወረቀት ጽፌ የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ላይ ለጠፍኩ። አራቱም ፊቴ በተራ ደገሙት፤ መጀመሪያ ካርታው፣ ከዚያ መሳብ፣ ከዚያ ማየት፣ ከዚያ ጣት አስገብቶ መዳሰስ። አፈሙዙም ሰው ወደሌለበት አሸዋ። ጄኔራል ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፤ አራተኛው ላይ ቀናው። ከእነሱ በፊት አንተ አንድ ቀን እንዲህ ቆመህ ብትናገር ኖሮ የሚፈጀው የዚያኑ ያህል ጊዜ ነው። ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ለእማዬ የላክከውን ፖስታ አልከፈትኩትም። አትክፈቺው ብለኸኝ አይደለም፤ የእኔ ስላልሆነ ነው። ምን ብለህ እንደጻፍክላት አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። ስሟን በላዩ ላይ በጥንቃቄ ነው የጻፍከው፣ ፊደሎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

እማዬ ብታየው ታምነው ነበር።